እትዬ ቁርጡ ለእናታቸው ያልነገሩት

ዛሬ የምንሸኛቸው እህታችን ከፖስታ ቤት ሠራተኛው አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው የዛሬ ሃምሳ አንድ ዓመት ተወለዱ። ይህን የሚያነበው ታላቅ ወንድማቸው ሲሆን፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ ሐሰት የማይሆንላቸው፣ እናታቸው የሰፉት ቀሚስ ቢጣመም እንኳ ደንበኛዋ ፊት «ተጣሟል» ብለው ገበያ የሚያባርሩ እንደ ነበሩ ይመሰክራል።

ትምህርታቸውን ፈጽመው በነርስነት ከተመረቁና አሥራ አንድ ዓመት የተኙ ሕሙማንን ካስታመሙ በኋላ፣ ወደ ሕክምና ዩኒቨርሲቲው የምርምር ክፍል ተዛወሩ። ሥራቸው አዲስ መድኃኒት በሰው ላይ ሲሞከር፣ ወደ ሙከራው የሚገቡትን አስረድቶ ማስፈረም ነበር። በመጀመሪያው ዓመት አንድ ግንበኛ አሥራ አራት ገጽ ቅጽ ፈርመው ገቡና ሞቱ፤ ባለቤታቸውም መጥተው «ፈርሞላችሁ የለም እንዴ? ታዲያ ምነው ሞተ?» ብለው ጠየቁ። ሴትዮዋ ፊርማውን የመዳን ውል አድርገው ቆጥረውት ነበር። እህታችን ያን ቀን እህል አልቀመሱም።

ከዚያ ወዲህ ከሐኪሞቹ ጋር እየተሟገቱ ቅጹን ወደ አንድ ገጽ ተኩል አወረዱት። ከላቦራቶሪው ጀርባ፣ ሦስት ወንበር ብቻ በምትይዘው ክፍላቸው ከታማሚው ጋር ጉልበት ለጉልበት ተቀምጠው፣ «ይሄ ሕክምና አይደለም፣ ጥያቄ ነው። መድኃኒቱ ይሥራ አይሥራ እኛም አናውቅም። ከሁለት ሰው አንዱ የሚወስደው ባዶ ክኒን ነው፤ ዕጣውን የሚያወጣው ኮምፒዩተር ስለሆነ ለማን የትኛው እንደ ደረሰ ሐኪሙም እኔም አናውቅም። ባሰኘዎት ቀን ጥለው መሄድ ይችላሉ» ይሉ ነበር። ሰውየው የሰማውን በራሱ አነጋገር መልሶ እስኪነግራቸው ድረስ እስክሪብቶውን አይሰጡትም። ስለዚህም ግቢው ሁሉ እትዬ ቁርጡ ይላቸው ነበር።

በዚያው ግቢ ከራጅ ባለሙያው ባለቤታቸው ጋር ተዋውቀው ተጋቡ፤ ባለቤታቸውም «ቀን የሰው አጥንት ሳይ እውላለሁ፣ ቤት ስገባ ደግሞ እሷ የእኔን ታያለች» እያሉ ያሾፉባቸው ነበር። አንዲት ሴት ልጅም ወለዱ።

ከሦስት ዓመት በፊት ቁልፍ ከእጃቸው እየወደቀ ያስቸግራቸው ጀመር። ሕመሙ ጡንቻን ቀስ በቀስ የሚያከሳ፣ ፈውስ ያልተገኘለት የነርቭ በሽታ ሆነ። ለዚሁ በሽታ ሙከራ ሲከፈት፣ በታማሚው ወንበር ተቀምጠው፣ ራሳቸው የጻፉትን ገጽ ተኩል አንብበው ፈረሙ። እጃቸው ብርጭቆ ማንሣት ሲያቅተው፣ ሰማንያ አንድ ዓመት የሞላቸው እናታችን በየማለዳው እየመጡ ክኒኑን ያጎርሷቸው ጀመር። በመጀመሪያው ቀን «ይሄ መድኃኒት ያድንሻል አይደል?» ብለው ጠየቋቸው። ለማንም ቁርጡን የማይሸሽጉት እህታችን «አዎ እማዬ፣ ያድነኛል» አሉ።

እናታችን ለጎረቤት ሁሉ ለልጄ መድኃኒት ተገኘላት እያሉ ሲያወሩ፣ እኛ እውነቱን የምናውቀው አላረምናቸውም። እህታችን ድምፃቸው ሳይዘጋ ታላቅ ወንድማቸውን አስጠርተው፣ «ወንድም ጋሼ፣ ለእማዬ ቁርጡን መንገር እኔ አልሆነልኝም። ስሞት ሰው ባለበት ንገራት፤ ለብቻዋ ካገኘሃት አንተም እንደኔ ትዋሻታለህ» ብለው አደራ ሰጡ። ባለፈው ሐሙስ ማለዳ፣ ትንፋሽ አጥሯቸው ዐረፉ።

ስለዚህ በፊተኛው ወንበር የተቀመጡት እናታችን ይስሙ። ለአሥራ ዘጠኝ ወር ያጎረሷቸው ክኒን መድኃኒት ይሁን ባዶ የሚያውቅ ሰው የለም። ዝርዝሩ ታሽጓል፤ የሚከፈተውም ሙከራው ሲያልቅ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። መድኃኒት ከነበረም አላዳናቸውም። እናታችን ያጠፉት ነገር የለም፤ የዋሸቻቸው የሚወዷት ልጃቸው ናት፣ የዋሸቻቸውም ስለ ሳሳችላቸው ነው።

እህታችን ባለቤታቸውን፣ አንዲት ልጃቸውን፣ ሁለት ወንድሞቻቸውንና እናታቸውን ትተው ሄደዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን። ነገም እንደ ልማዳቸው በማለዳ ለሚነሡት እናታችን ግን፣ ምን ብለን እንደምንጸልይ አላወቅንም።