የሦስት ቁጥር ዘንግ

ወገኖቼ፣ ዛሬ የምንሸኘው ኑርሁሴን ወደ መርሳ፣ ወደ ዘይት ፋብሪካችን የመጣ ዕለት ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ቦርሳ አንጠልጥሎ ነበር። ከወልድያ የተላከ ተቆጣጣሪ መስሎን ወንበር ጠርገን አስቀመጥነው። ሥራ አስኪያጁም ብድግ አለለት። ሻዩን ጠጥቶ ሲጨርስ ቦርሳውን ከፈተ፤ ውስጡ መፍቻ ብቻ። «የታመመችው የትኛዋ ናት?» አለ። ሻዩን ያፈላሁት እኔ ነበርኩ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ያኔ ስድስት የኑግ መጭመቂያ ነበረን። መብራት ሲጠፋ እኛ ወደ ጥላ፣ እሱ ወደ ማሽኑ። የተጨመቀው ኑግ ፋጉሎ ማሽኗ ሆድ ውስጥ ሳይደርቅ በእጁ ይፍቃል። ሚዛን ላይ ያለችው ናጅዋ «ጋሼ፣ ዘይቱን ፀጉርዎ ጠጣው እኮ» ትለው ነበር።

በኋላ መለዋወጫ ጠፋ፤ ዶላር የለም ተባለ። ኑርሁሴን አንዷን እየፈታ ሌላዋን ጠገነ። አንድ ቀን የእኔን ማሽን፣ የሦስት ቁጥርን ዘንግ መዞ ለአንድ ቁጥር ሰጠ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከሷ ጋር ቆሜያለሁ። በሠራተኛው ሁሉ ፊት «ፋብሪካውን የገደለው ይህ ሰው ነው» አልኩ።

ሁለት ዓመት አላናገርኩትም። በአንድ ማሽን ግራና ቀኝ ቆመን በናጅዋ በኩል ነበር የምንነጋገረው። ዘይቱ ወፍሯል በይልኝ፣ ሰምቻለሁ በይልኝ።

ባለቤቴ አስካለ ያረፈች ጊዜ ከሚኖርባት ከግራና ከተማ ተነሥቶ ከሁሉ ቀድሞ ደረሰ። በሦስተኛው ቀን አጠገቤ ተቀምጦ «ዘውዱ፣ እሷን ባልፈታት ሁሉም ይቆሙ ነበር» አለኝ። አውቅ ነበር። ግን አልመለስኩለትም፤ እልኸኛ ነኝ።

ዛሬ ልመልስ። ፋብሪካውን ያዳከመው እሱ አይደለም። መብራቱ ሲጠፋ ይውላል። ኑጉን ነጋዴው ጥሬውን ወደ ወደብ ይጭነዋል፤ ለእኛ ትራፊው ነው የሚደርሰን። ከባሕር ማዶ በጀሪካን የሚመጣው ዘይት ከእኛው ረክሶ ይሸጣል። በዚህ ሁሉ መሐል አንድ ቁጥር ዛሬም ትዞራለች፤ አሥራ አራት ሰው በሷ ያድራል። የሦስት ቁጥር ዘንግ ሆዷ ውስጥ ነው። ያን ቀን ያልኩትን፣ በዚያው ሠራተኛ ፊት ዛሬ አንስቻለሁ፤ ስህተት ነበር።

ኑርሁሴን፣ ድርጅቱ ጋቢ ሰጥቶሃል። ከእኔ ይቺን ተቀበል፤ የሦስት ቁጥር ቁጥሯ የተጻፈባት ቆርቆሮ ናት። ስትፈታት በእልህ ነቅዬ ቤቴ ሰቅያት ነበር። ግራና ወስደህ በርህ ላይ ምታት። አንድ ቁጥር ማሳል ስትጀምር እመጣለሁና ቤትህን እንዳልስት።

በሉ፣ ለስላሳችሁን አንሡ። ባለቤትህ ቶይባና ልጆችህ ይጥገቡህ፣ አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥህ። አመሰግንሃለሁ፣ ወንድሜ። ይህንን በናጅዋ በኩል አላልኩም።