የጫልቱ ክንድ

ሽማግሌዎቹን የጠራሁት እኔ ነኝ። ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ጎረቤቴ የሆነችው ጫልቱ ልብስ ስታሰጣ ክንዷ በልዞ አየሁ። ማን መታሽ ብላት፣ “ኧረ ማንም አልነካኝም፣ ዝም ብሎ ነው የሚወጣብኝ” አለች። የተመታች ሴት ሁሉ እንዲህ ነው የምትለው ብዬ ለቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ነገርኩ። ባሏ ደሳለኝ “እኔ እኮ ሐኪም ቤት ልወስዳት ነበር” ቢል ማን ሰምቶት። እሱን ከመዘምራን አገዱት፤ እሷን እስኪታረቁ ብለው ኡኬ ከተማ፣ ወንድሟ ቤት ላኳት። ደሳለኝም እዚያ ድርሽ እንዳይል ተባለ።

በወሩ ልጠይቃት ሄድኩ። ብልዙ አንገቷ ደርሷል፣ እግሯን ቀያይ ነጠብጣብ ወርሶታል፣ ድዷ ይደማል። “እዚህም እየመጣ ይመታሻል እንዴ?” አልኳት። እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝ ይሄ ጥያቄ ነው። “አዴ ብርሃኔ፣ እዚህ ማን አለና?” አለችኝ። ያኔ ደነገጥኩ፤ በማግስቱ ነቀምቴ ሐኪም ቤት ወሰድናት። ሐኪሙ ደሟን አስመርምሮ የደም ካንሰር ነው፣ ዘግይታችኋል አለን።

ደሳለኝን አልጋዋ አጠገብ አገኘሁት። ይቅርታ ልለው አፌን ስከፍት ቀና ብሎ አየኝ።

“ይቅርታው ይቆየኝ፣ አዴ ብርሃኔ” አለኝ። “ወሯን ይመልሱልኝ።”