የእትዬ ሙሉመቤት አግዳሚ

ወገኖቼ፣ እትዬን በጡረታ ከመሸኘታችን በፊት ብርጭቆውን አስቀምጡና ጆሮ ስጡኝ። እኔ ሹፌር ነኝ፤ ንግግሬ ካንገጫገጫችሁ ታገሡኝ።

እትዬ ሙሉመቤት ለጽሕፈት ቤታችን ኃላፊ ጸሐፊ ሆነው የመጡ ዕለት እዚያው ነበርኩ። ያኔ ኃላፊያችን ጋሽ ሚልኪያስ ነበሩ፤ ነፍሳቸውን ይማርና። ጠዋት ጠዋት ኮታቸውን አውልቀው የግቢውን አበባ ያጠጣሉ። ያን ዕለትም ሱሪያቸውን ሰብስበው፣ ጭቃ በጭቃ ሆነው ወደ ቢሯቸው ሊገቡ ሲሉ አዲሷ ጸሐፊ ብድግ አሉ።

“ወዴት ነው አባባ?”

“ወደ ውስጥ።”

“ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ተራዎን ይጠብቁ!”

ሰውዬው ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ተቀመጡ! ራሳቸውን ሊጠብቁ! እኔ በመስኮት እያየሁ በሳቅ ልሞት። ይሳቁ እንጂ እትዬ፣ ዛሬ የሚቆጣ የለም።

አግዳሚው ላይ ሁለት የኤረር በር ሰፈር ጎረቤታሞች ነበሩ። የአንዱ ጣሪያ ውኃ ወደ ሌላው ግቢ እየወረደ ሊካሰሱ መጥተዋል። ጋሽ ሚልኪያስ መሐላቸው ገብተው ሰሟቸው። እነሱም አትክልተኛ መስለዋቸው የልባቸውን ተናገሩ፤ አሸንዳውን አብረው ሊያሠሩ ተስማምተው ሄዱ። ጋሽ ሚልኪያስ ተነሡና፣ “ልጄ፣ ስብሰባው አልቋል፤ አሁን ልግባ?” አሏቸው።

ከዚያ ወዲህ ስንት ኃላፊ መጣ፣ ስንቱ ሄደ! ያ ልማድ ግን አልሄደም። የተጣላ ሰው ከመጣ፣ ኃላፊው ወንበራቸው ላይ እያሉም “ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ትንሽ ተቀመጡ” ነው። አግዳሚው እንደሆነ ጠባብ ነው፤ ትከሻ ለትከሻ መነካካት ግድ ነው። ከዚያ ሻይ ይመጣል። አንድ ብርጭቆ! “ብርጭቆ አልቋል፤ ተካፈሉ።” አይ እትዬ! ቁም ሳጥኑ ብርጭቆ እንደሞላ ማን ያጣዋል?

እኔና ጥበቃችን ዐብዱሰመድም ቀምሰናታል። በሩን ቶሎ አልከፈትክልኝም ብዬው ተኳርፈን ሳለ ጠሩን። እሱ፣ “ወላሂ፣ ከዚህ ሰው ጋር ሻይ አልጠጣም!” አለ። እትዬ፣ “አትጠጣ፤ ብርጭቆውን ያዝለት” አሉት። ይኸው እስከ ዛሬ ይይዝልኛል።

ባለፈው ሳምንት እትዬን ፈላና በር ቤታቸው ሳደርሳቸው ከመኪናው አልወርድ አሉ። “ጌታነህ፣ ልጆቼ ሩቅ ናቸው። ከሰኞ ጀምሮ ማንን ነው ‘ትንሽ ተቀመጥ’ የምለው?” አሉኝ። ለዐብዱሰመድ ስነግረው፣ “አግዳሚውስ?” አለኝ።

እትዬ፣ በዚህ ከተማ በእርስዎ ምክንያት ሰላም የሚባባል ስንት ጎረቤት አለ! ምስጋናውን ኃላፊዎቹ ወሰዱ፤ ሥራው ግን የእርስዎ ነበር። እናመሰግናለን። በጣም እንወድዎታለን።

ኃላፊያችን ፈቅደውልናል፤ አግዳሚው ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ፈላና በር፣ ደጅዎ ላይ ነው።

ቢራ የያዛችሁ ቢራችሁን፣ ለስላሳ የያዛችሁ ለስላሳችሁን አንሡ! እትዬ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ፤ ደጅዎ ሰው አይጣ። ሰኞ እኔና ዐብዱሰመድ ተጣልተን እንመጣለን። አንድ ብርጭቆ ብቻ ያዘጋጁ።