ጊፋታ ላይ ይመታ የነበረው

ከቦዲቲ ወደ ሶዶ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ከፊቴ አንድ ወጣትና አጠገቡ የተቀመጡ እናት ይከራከራሉ።

«እማማ፣ የእኛን ኳየር ድራም መቺ የሚስተካከለው የለም።»

«ባለቤቴን አልሰማህማ! ለዘመን መለወጫችን ለጊፋታ ከበሮ ሲመታ፣ ማዶ ያለው ሰው ‹እሱ ነው› ብሎ ይመጣ ነበር።»

«ባልዎ ስለሆኑ ነው!»

«ሳያገባኝም እንደዚያ ነበር።»

«አሁንም እኮ በስፒከር ማዶ ይሰማል።»

«ይሰማል። የማን እጅ እንደሆነ ግን አይለይም።»

«ታዲያ ባልዎ መምታቱን ለምን ተዉት?»

«ጌታን ሲቀበል የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ‹ከበሮ ኃጢአት ነው› አሉት። እሺ ብሎ ተወ።»

«ዛሬ እኮ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው የምንመታው!»

«እሱም ያያል፣ ልጄ። እሁድ እሁድ ድራሙ አጠገብ ነው የሚቀመጠው።»

እኔ ለልጆቼ ስንቱን ነገር ኃጢአት ነው እንዳልኳቸው እየቆጠርኩ ሶዶ ደረስኩ።