በመስኮታችን ደፍ ላይ ስለተገኙት ሁለት ትራንሲቨሮች

ቀን፦ ማክሰኞ፣ ሰኔ 10
የምስክር መጠሪያ፦ ሚጢ (የቤት ስም)
ዕድሜ፦ 16
አድራሻ፦ ከኮሌጁ ጀርባ፣ ከኤሌክትሮኒክስ ጥገና ሱቃችን በላይ ያለው ክፍል

ሰው ፊት ስናገር ድምፄ ስለሚጠፋ ወደዚህ ለመምጣት መፍራቴን አልደብቅም። ሆኖም ተጠርጣሪው ያሳደገኝ አጎቴ ስለሆነ ያየሁትን እናገራለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት የኮሌጁ ኔትወርክ ተቋርጦ አጎቴ ለጥገና ሲጠራ ቦርሳውን ይዤ አብሬው ሄድኩ። ከዕቃ ግምጃ ቤት ሁለት አዲስ ትራንሲቨሮች ተሰጡት። እነዚህ መልእክትን ወደ ብርሃን ለውጠው በቀጭን የመስታወት ገመድ የሚልኩና የሚቀበሉ፣ ጣት የሚያህሉ ተሰኪ ዕቃዎች ናቸው። አጎቴ «ጥርስ» ይላቸዋል። ዓይኔ እያየ ከኔትወርኩ መሣሪያ ላይ ሁለቱን የተቃጠሉ ነቅሎ አዲሶቹን ሰካ፤ መብራታቸውም በራ። በኮሌጁ ደንብ የተነቀለው ለግምጃ ቤት ይመለሳል። እሱ ግን ኪሱ ከተታቸው። «ጋሼ፣ ይመለሱ የለም እንዴ?» ስለው «ለቆሻሻ ከሚሆኑ ለአንቺ ይሁኑ» አለኝ።

እንዲህ ያለው ሙያውን እያስተማረኝ ስለሆነ ነው። የየዘመኑን አሮጌ ጥርሶች በሱቃችን መስኮት ደፍ ላይ እንደ ዘር ሐረግ ደርድሮልኛል፤ ሁለቱንም እዚያው ጨመራቸው። በመጀመሪያ ብርሃን ሰጪው ከመሣሪያው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ጋር ተበይዶ ይመጣ ስለነበር፣ ሲበላሽ ሰሌዳው በሙሉ ይቀየር ነበር። «አንድ ጥርስ ታመመ ተብሎ መንጋጋ ይጣላል?» ይላል። ቀጥሎ የክብሪት ቀፎ የሚያህለው ተነቃይ መጣ፤ ከዚያ ግማሹን የሚያክለው፤ ከዚያም በዚያው ቁመት አሥር እጥፍ የሚያስተላልፈው። «ሰው ሲያድግ ይገዝፋል፣ ይሄ ሲያድግ ያንሳል። ቁርጥ አንቺን፣ ሚጢዬ!» እያለ ይስቅብኛል።

ትናንት ከሰዓት የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ሬዲዮ ሊያሠሩ ወደ ሱቃችን መጥተው በሁለቱ ላይ የኮሌጁን ምልክት አዩ። አዲሱና የተቃጠለው በመልክ አይለዩም። «የኮሌጁ ንብረት በአንተ መስኮት ምን ይሠራል? አዲሶቹን ዋጥካቸው አይደል!» ብለው ጮኹ። አጎቴም «የሞቱ ናቸው እኮ፤ ሬሳ ይሰረቃል እንዴ?» ብሎ ቀለደ። ቀልዱ ይባሱን አናደዳቸው፤ አጎቴም ተያዘ።

ደንብ መተላለፉን አልክድም። ሌባ ግን አይደለም።

ከላይ ያለው ተነቦልኝ፣ ያላልኩት እንዳልተጨመረ አይቼ፣ እውነት መሆኑን አረጋግጣለሁ። ከመፈረሜ በፊት ይህም ይጻፍልኝ ብያለሁ፦ ነገ ጠዋት ኮሌጁ ሲከፈት ቀድሜ እገኛለሁ። መርማሪው ባይመጡም ብቻዬን ግምጃ ቤት ገብቼ ኃላፊውን «ይነሱ፣ መሣሪያው ጋ እንሂድ፤ አዲሶቹ እዚያው ተሰክተው እየሠሩ ነው» እላቸዋለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ፈርማለች
የመርማሪ ፊርማ፦ ፈርሟል