ለነገ ያደረ ስብከት

ቅዳሜ ጠዋት፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ባለችው የመምህር ኅሩይ ክፍል፤ መምህሩ የነገውን ስብከት እየጻፉ ሳለ ወይዘሮ አስካል ሳያንኳኩ ገብተዋል።

አስካል፦ ልጄ የአባቱን ካፖርት ሸጦ ጎራዴ ገዛ።

መምህር፦ ይርዳው? ይቀመጡ እስቲ፣ እትዬ አስካል።

አስካል፦ አልቀመጥም። ባሌን የገደለው ጎሹ ከእስር ተፈቷል። ዛሬ ገበያ ይወጣል። ይርዳው እዚያ እየጠበቀው ነው።

መምህር፦ ታዲያ ፖሊስ ጋ ነዋ የሚኬደው!

አስካል፦ «ልብስህን ሽጠህ ሰይፍ ግዛ» ያለው ፖሊስ ነው? እርስዎ ነዎት። ባለፈው እሁድ።

መምህር፦ ኧረ በስመ አብ! ጌታ ለደቀ መዛሙርቱ የተናገረውን ነው ያነበብኩት።

አስካል፦ ልጄ የሰማው ከእርስዎ አፍ ነው።

መምህር፦ አልጨረስኩትማ! ሰዓት አልቆብኝ «የሰይፉን ትርጉም በሚቀጥለው እሁድ» ብዬ አሳደርኩት።

አስካል፦ የምን ሰዓት! ሁልጊዜ እንደዚያ ነዎት። ልባችንን ሰቅለው ያቆማሉ፣ ተመልሰን እንድንመጣ።

መምህር፦ እሱስ... እውነትዎን ነው።

አስካል፦ ቀሪውን ይንገሩኝ። ባጭሩ።

መምህር፦ በግሪኩ ቃሉ «ማኻይራ» ነው። ወገብ ላይ የሚታጠቁት አጭር ስለት። አብርሃም ልጁን ሊያርድበት ያነሳው ቢላዋም በግሪኩ ያው ነው።

አስካል፦ ቢላዋ ነው እንጂ ሰይፍ አይደለም ይበሉልኛ!

መምህር፦ እንደዚያማ አልልም። ወታደርም ይታጠቀዋል። ጴጥሮስ ጆሮ የቆረጠው በሱ ነው።

አስካል፦ ዛሬ እንኳ አይዋሹልኝም?

መምህር፦ በቃሉ አልዋሽም።

አስካል፦ ታዲያ ግሪክኛዎ ለኔ ምን ሊሠራልኝ!

መምህር፦ ቁም ነገሩ እርዝማኔው አይደለም፣ እትዬ። ደቀ መዛሙርቱ «ሁለት ሰይፍ አለን» ሲሉት ጌታ «ይበቃል» አላቸው። ለዚያ ሁሉ ሰው ሁለት! ጴጥሮስ ሲመዘው ደግሞ «ወደ ሰገባው መልስ» አለው። የተቆረጠውንም ሰው ጆሮ ፈወሰ። አብርሃምም ተጠራና እጁን ሰበሰበ። ነገ የምለው ይኸው ነበር።

አስካል፦ ነገ! ይነሱ፣ አሁን ሄደው ይንገሩት።

መምህር፦ እናቱ እርስዎ፣ እርስዎ ቢነግሩት...

አስካል፦ ለመንኩት። እግሩ ላይ ወደቅኩ። ሰገባውን ደበቅሁበት፤ ጎራዴውን በጆንያ ጠቅልሎ ወጣ። «መምህር ያሉትን ሰምቻለሁ፣ አንቺ ዝም በይ» ነው ያለኝ።

መምህር፦ ሽማግሌ ልላክ፤ ካህናቱን ልጥራ።

አስካል፦ ሽማግሌ ስንቴ መጣ! እኔ ታርቄያለሁ። እንቢ ያለው እሱ ነው። ስንት ሰዓት ሆነ?

መምህር፦ ሦስት ተኩል።

አስካል፦ ጎሹ በጎቹን ይዞ አራት ሰዓት ላይ ይደርሳል።

መምህር፦ እትዬ አስካል፣ እውነቱን ልንገርዎ። ፈራሁ። ጎራዴ ከመዘዘ ሰው ፊት ቆሜ አላውቅም።

አስካል፦ እርስዎ አይቆሙም። ጎሹን የምከልለው እኔ ነኝ። ባሌን የገደለውን ሰው፣ በዚህ ደረቴ። እርስዎ ከኋላዬ ሆነው ያቋረጡትን ይጨርሱ።

መምህር፦ ይቆዩኝ! ጫማዬን ላድርግ... ወረቀቴስ?

አስካል፦ ወረቀቱን ይተዉት። ሰገባውን ጠረጴዛዎ ላይ አድርጌዋለሁ፣ እሱን ይዘው ይምጡ። እኔ ሄጃለሁ።