የሁለቱ ድስት ሰርግ

(ረፋድ ላይ፣ በአንዲት የወሎ ከተማ የባህልና ኪነ ጥበብ ጽሕፈት ቤት፤ የጽሑፍ ገምጋሚው አቶ ይመር ከወንበራቸው ተነሥተው ወረቀት ያነባሉ፣ ነገ የሚታየው አስቂኝ ቲያትር ደራሲ ኑርልኝ ማኅተም ሊያስመታ ፊት ለፊታቸው ተቀምጧል።)

አቶ ይመር፦ «የከተማችን የባህልና ኪነ ጥበብ ጽሕፈት ቤት በዛሬው ዕለት ባካሄደው ጥልቅና ሁሉን አቀፍ ግምገማ፣ በመድረኩ ላይ የሚቀመጡት ሁለት ድስቶች፣ መጋረጃው ከሚከፈትበት እስከሚዘጋበት ደቂቃ ድረስ ክዳናቸው እንዳይነሣ በሙሉ ድምፅ ወስኗል።»

ኑርልኝ፦ በሙሉ ድምፅ? ስንት ሆናችሁ ነው የተሰበሰባችሁት፣ ጋሼ?

አቶ ይመር፦ እኔ ነኛ። ተቃውሞ አልነበረም።

ኑርልኝ፦ ድስቶቹ እኮ ባዶ ናቸው። ከአክስቴ ቤት የተዋስኳቸው የመድረክ ዕቃዎች!

አቶ ይመር፦ ባዶው ነው የሚያስፈራው። ሙሉ ድስት ሲከፈት ሰው ያለውን ያያል። ባዶ ሲሆን ሁሉም የልቡን ይጨምርበታል። ጠርጥር፣ ከገንፎም ይኖራል ስንጥር!

ኑርልኝ፦ ሕገ መንግሥቱ ሳንሱርን ከልክሎ የለም እንዴ?

አቶ ይመር፦ ማን ነው ሳንሱር ያለ? ይኼ የወዳጅ አስተያየት ነው።

ኑርልኝ፦ አስተያየቱን ባልቀበልስ?

አቶ ይመር፦ መብትህ ነው! ማንም አይነካህም። የአዳራሹ ዘበኛ ግን ማኅተም ካላየ በሩን አይከፍትም። እሱ ጋ ደግሞ ሕገ መንግሥቱ ገና አልደረሰም።

ኑርልኝ፦ ጋሼ ይመር፣ ነገ በዘጠኝ ሰዓት እኮ ነው የሚታየው። ስድስት ወር የተለማመድነው ነው። ከተማው ሙሉ ነቅሎ ይመጣል።

አቶ ይመር፦ እኔን ያስጨነቀኝ እሱ ነው። በል ታሪኩን ንገረኝ። እንዳላነበብኩት ቁጠረኝ።

ኑርልኝ፦ አንብበውታል እንጂ፤ ገጽ አራት ላይ የሻይ ጠብታ አለ።

አቶ ይመር፦ ንገረኝ አልኩህ፣ አንተ ልጅ!

ኑርልኝ፦ መላው ከተማ የሚያውቀው ነው። የዛሬ አሥራ አራት ዓመት፣ የጥር ሰርግ። እንደ አገራችን ወግ ሁለት በሬ ይጣላል፤ አንዱን ሙስሊሙ ይባርካል፣ አንዱን ክርስቲያኑ። ወጡም በሁለት ድስት ይሠራል። ድስቶቹ ደግሞ መንታ ናቸው። እንዳይምታቱ የሙስሊሙ ድስት ጆሮ ላይ ክር ይታሰራል። ምሳ ሊወጣ ሲል፣ ክሩ የለም!

አቶ ይመር፦ እዚህ ላይ አቁም። «ክሩ የለም» አትበል። «ክሩ ለጊዜው አልተገኘም» በል።

ኑርልኝ፦ ምን ይለያያል?

አቶ ይመር፦ «የለም» ስትለው ሰው «ማን ወሰደው?» ብሎ ይነሣል። «አልተገኘም» ስትለው «እየተፈለገ ነው» ብሎ ይቀመጣል። በአሥራ ሰባት ዓመት አገልግሎቴ ካገኘሁት ጥበብ ነው የማካፍልህ።

ኑርልኝ፦ ቲያትር እኮ ነው ጋሼ፣ የመብራት መቋረጥ ማስታወቂያ አይደለም።

አቶ ይመር፦ ቀጥል። ገጽ ዘጠኝ። ሸህ አደምና መሪጌታ ልሳነወርቅ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ወጡ ሲቀርብላቸው ሁለቱም «ጾመኛ ነኝ» ይላሉ። እሑድ ቀን! በጥር! የማን ጾም ነው ይኼ?

ኑርልኝ፦ ለዚያች ሰዓት የታወጀ ጾም ነው። የትኛው ድስት የማን እንደሆነ እንደጠፋ ገብቷቸዋል። ደጋሹ እንዳያፍር ሸፈኑት። እነሱ ጾመኛ ነን ሲሉ ጊዜ ሰርገኛው ሁሉ ጾመኛ ሆነ። ከዚያ ከየጎረቤቱ ሽሮ ተለቃቅሞ መጣ።

አቶ ይመር፦ የሽሮው ግሩም ነው። ሽሮን ማንም ባርኮ አያርደውም። ግን የሃይማኖት አባት መድረክ ላይ ሲዋሽ…

ኑርልኝ፦ ለሁለቱም አንብቤላቸዋለሁ።

አቶ ይመር፦ ምን አደረግህ?

ኑርልኝ፦ ቤታቸው ድረስ ሄጄ። ሸህ አደም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁና «የኔን ንግግር አሳጠርከው» ብለው ተቆጡ። መሪጌታ ደግሞ «ወንበሬን ከአደም ወንበር ዝቅ እንዳታደርገው» አሉኝ። ሌላ ቅሬታ የለም። እነሱ ያልተቀየሙትን እርስዎ ይቀየሙላቸዋል? ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው ሲባል አልሰሙም?

አቶ ይመር፦ ቡዳ አልከኝ?

ኑርልኝ፦ ተረቱ ነው ያለው።

አቶ ይመር፦ ተረቱ ማኅተም አይፈልግም። አንተ ግን ትፈልጋለህ።

ኑርልኝ፦ ይቅርታ ጋሼ።

አቶ ይመር፦ እኔ ሸሁንና መሪጌታውን ፈርቼ መሰለህ? እነሱማ ሃምሳ ዓመት አብረው ለቅሶ የደረሱ ናቸው። እኔ የምፈራው ስልክ የያዘውን ነው። ሦስት ደቂቃ ቀርጾ ይወስዳል፤ ሸሁ «ጾመኛ ነኝ» ሲሉ ቆርጦ ፌስቡክ ላይ ይለጥፋል። ከተማችንን በካርታ የማያውቅ ሰው ተነሥቶ «ተሰደብን» ይላል። ግማሹን ያየ ሙሉውን ይቆጣል።

ኑርልኝ፦ ይኼስ እውነት ነው። እኔም ያሰብኩት ነው።

አቶ ይመር፦ አየህ!

ኑርልኝ፦ ግን ሙሉውን ስለደበቅነው ግማሹ ይጠፋል? ሐሜቱ እኮ ያለ ቲያትር አሥራ አራት ዓመት ኖሯል። ማኅተም የጠየቀውም የለም።

አቶ ይመር፦ አፍህ ሥራ አይፈታም፣ አይደል? በል ይኼንንም አስተካክል። «አረንጓዴ ክር» ብለሃል። አረንጓዴ ለአንድ ወገን ያደላ ያስመስላል።

ኑርልኝ፦ ከተማው አረንጓዴ ነበር ነው የሚለው።

አቶ ይመር፦ ከተማው ምን ያውቃል! ቀይ ነበር። ቀይ የሱፍ ክር፣ ሦስት ጊዜ የተቋጠረ።

ኑርልኝ፦ ጋሼ?

አቶ ይመር፦ አቤት።

ኑርልኝ፦ ቋጠሮውን ቆጥረውታል?

አቶ ይመር፦ አንደኛ ሚዜ ነበርኩ። አንደኛ ሚዜ ደግሞ ሁሉን ያያል።

ኑርልኝ፦ ሚዜ ሙሽራውን ትቶ ድስት ሲቃኝ መዋሉን አላውቅም ነበር።

አቶ ይመር፦ ያልፋል እኮ ሰው በዚያ በኩል! ጠንካራ ቋጠሮ ነበር፤ በጥርስ ካልሆነ የሚፈታ አይደለም።

ኑርልኝ፦ በጥርስ?

አቶ ይመር፦ ለተመለከተው ማለቴ ነው። ሲያዩት።

ኑርልኝ፦ እና ያ ክር የት ሄዶ ይሆን?

አቶ ይመር፦ ኧረ ክር ለስንት ነገር ይፈለጋል! ሰርግ ነው። ከሙሽራው መኪና ላይ አበባው ተላቅቆ ይንጠለጠላል፤ ጡሩምባው ይጮኻል፤ ከሙሽሪት ቤት ሽማግሌ «ረፈደ» እያለ ይልክብሃል፤ እጅህ የገባውን ይዘህ ትሮጣለህ…

ኑርልኝ፦ እሮጣለሁ?

አቶ ይመር፦ ይሮጣል። ሰውየው።

ኑርልኝ፦ የትኛው ሰውዬ?

አቶ ይመር፦ ምሳሌ ነው! ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ። ወዳጄ፣ አንድ ሐሳብ ላምጣልህ፤ ክሩን ከነጭራሹ አውጣው። አሁኑኑ አትምልሃለሁ።

ኑርልኝ፦ ክሩ ከወጣ ምን ይቀረኛል?

አቶ ይመር፦ ሰርግ፣ ሽሮ፣ ጭፈራ። ሕዝብ የሚወደው ነው።

ኑርልኝ፦ ክሩ ከወጣ እትዬ አስካል ለምን እንደተወቀሱ ለተመልካች አይገባውም።

አቶ ይመር፦ ወጥ ሠሪዋ? እሷንም አውጣት።

ኑርልኝ፦ እሳቸውንማ ከተማው አውጥቷቸዋል። በዚህ ሁሉ አገር ያለሳቸው ድግስ አይደገስም ነበር። ከዚያ ሰርግ ወዲህ አንድ ሰው «ነይ ቅመሽልን» ብሎ ጠርቷቸው አያውቅም። እናታቸው ክርስቲያን፣ አባታቸው ሙስሊም ናቸው። ክርስቲያኑ «የአባቷ ወገን ናት፤ ሆን ብላ ነው» አለ። ሙስሊሙ «የእናቷ ወገን ናት፤ ሆን ብላ ነው» አለ። ከተማችን ያለ ስብሰባና ያለ አበል የተስማማው ያን ቀን ብቻ ነው።

አቶ ይመር፦ አንተስ? ያንኑ አይደል የጻፍከው? ገጽ አሥራ ሦስት፦ «ክሩን የፈታችው ወጥ ሠሪዋ ናት።» ለመናገር ነጻነት እየተከራከርክ የተናገርከው ሐሜት ነው።

ኑርልኝ፦ አዎ። ሰው የሚለውን ጻፍኩ። ሌላ የሚል ስላጣሁ ነው።

አቶ ይመር፦ ራሷን ጠይቀሃታል?

ኑርልኝ፦ ጠይቄያቸዋለሁ። መናኸሪያው በር ላይ ቆሎ ይሸጣሉ። «ልጄ፣ እኔ አልፈታሁትም፤ ያኔም ብያለሁ፤ የሰማኝ የለም» አሉኝ።

አቶ ይመር፦ ሰማሃቸው፤ ግን ያንኑ ጻፍክ።

ኑርልኝ፦ አልካድኩም። አሁን ሲሉኝ ያሳፍራል። ግን እኔ ያን ጊዜ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ምን አየሁ? «እሷ አይደለችም» ካልኩ «ታዲያ ማነው?» ይሉኛል። ያየ ሰው ካለ ይናገራ! የመናገር መብት ለደራሲ ብቻ አልተሰጠ። ለሹምም ተሰጥቷል።

አቶ ይመር፦ …ነገ ይመጣሉ?

ኑርልኝ፦ እትዬ አስካል? ፊተኛው ረድፍ ላይ፣ ከሸሁና ከመሪጌታው አጠገብ ቦታ ይዤላቸዋለሁ።

አቶ ይመር፦ ሰው ሲስቅባቸው ሊያዩ?

ኑርልኝ፦ እኔም «አይምጡ ይቅርብዎ» ብያቸው ነበር። «አሥራ አራት ዓመት ከኋላዬ ሲስቁ ሰምቻለሁ፤ አንድ ቀን ፊቴ ላይ ይሳቁ» አሉኝ።

አቶ ይመር፦ እንዲህ አሉ?

ኑርልኝ፦ ቃል በቃል። ቆሎውን እየሰፈሩልኝ።

አቶ ይመር፦ ያን እስክሪብቶ አቀብለኝ።

ኑርልኝ፦ ቀዩን? ጋሼ፣ በሞቴ! ሊሰርዙ ነው?

አቶ ይመር፦ አንዲት ቦታ ብቻ።

ኑርልኝ፦ ሌላውን ሁሉ ልቀበል፤ «አልተገኘም» እላለሁ፤ ክሩንም ቀይ አደርገዋለሁ፤ ገጽ አሥራ ሦስትን ግን…

አቶ ይመር፦ ዝም በል እስቲ፣ ጽሑፌ ይበላሻል። አሥራ ሰባት ዓመት ስሰርዝ ኖሬ መጻፍ ጠፍቶብኛል።

ኑርልኝ፦ እየጻፉ ነው?

አቶ ይመር፦ ማኅተሙን ወዲህ በለው። ቀለሙ ደርቋል፣ እፍ በልበት። በደንብ! አዎ። እንካ፣ ውሰድ።

ኑርልኝ፦ ተመታ? እንዲሁ? እስቲ ገጽ አሥራ ሦስት… «ክሩን የፈታው አንደኛ ሚዜው ነው።» ጋሼ ይመር!

አቶ ይመር፦ የእጅ ጽሑፌ ካልተነበበ ለተዋናዮቹ በኮምፒዩተር ጻፍላቸው።

ኑርልኝ፦ በደንብ ይነበባል። ግን የዚያን ሰርግ አንደኛ ሚዜ መላው ከተማ ያውቀዋል እኮ!

አቶ ይመር፦ ያውቀዋል።

ኑርልኝ፦ ነገ ሰው ሁሉ ዞሮ የሚያየው እርስዎን ነው። ሐሳብዎን የለወጠው ምንድን ነው? ለጓደኞቼስ ምን ልበላቸው?

አቶ ይመር፦ አላብራራም። ስትወጣ በሩን ዝጋው።